ከምልክት ይልቅ ታሪክ፦ በታወቁ ፊልሞች ውስጥ የክርስትናን ጭብጥ ስለ መፈለግ

የምስል ወዳጅ (ክሩን የጀመረው)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በዚህ ክር ላነሣው የምፈልገው ጉዳይ ብዙዎቻችን ፊልም ካየን በኋላ የምንነጋገርበት፣ ግን ረጋ ብለን የማንመረምረው ነው፤ ይኸውም ለማንኛውም ተመልካች በተሠሩ የታወቁ ፊልሞች ውስጥ የክርስትና እምነት ጭብጥ አገኘን ስንል በእርግጥ ያገኘነው ምንድን ነው የሚለው ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የታሪኮቹን ፍጻሜ ሳይገልጡ ስለ ጭብጣቸው መከራከር ስለማይቻል፣ ፊልሞቹን ያላያችሁ ይህን አስቀድማችሁ ዕወቁ።

እኔ እንደሚመስለኝ አብዛኞቻችን ምልክት ፈላጊዎች ነን። ባለታሪኩ እጆቹን ዘርግቶ ሲወድቅ መስቀል አየን እንላለን፤ በማዕድ ዙሪያ የተቀመጡት 12 ከሆኑ ሐዋርያትን እናስባለን፤ ከሞት አፋፍ የተመለሰ ሁሉ የትንሣኤ ምሳሌ ይሆንልናል። በ2013 የወጣው «ማን ኦቭ ስቲል» የተሰኘው የሱፐርማን ፊልም ይህን ልማዳችንን በሚገባ ያውቃል። ጀግናው በምድር ላይ 33 ዓመት መኖሩን በአንደበቱ ይናገራል፤ በቤተ ክርስቲያን ተቀምጦ ካህኑን ሲያማክር በጌቴሴማኒ የሚጸልየው ክርስቶስ ከኋላው ባለው ባለቀለም መስታወት ላይ ይታያል፤ ከመንኰራኵሩ ወደ ምድር ሲወርድ እጆቹ ግራና ቀኝ ተዘርግተዋል። ይሁን እንጂ ትግሉ የሚያበቃው ጀግናው የጠላቱን አንገት ሲሰብር ነው። ንጹሓንን ለማዳን ሌላ መንገድ ስላጣ ያደረገው መሆኑን፣ ካደረገውም በኋላ በሐዘን መጮኹን አልዘነጋሁም፤ ነገር ግን ድሉ የተገኘው በመግደል እንጂ በመሞት አይደለም። ምልክቶቹ ስለ አንድ አዳኝ ይናገራሉ፣ ታሪኩ ደግሞ ስለ ሌላ።

በአንጻሩ በአማርኛ «ምንዱባን» በሚል ርእስ የምናውቀውን የቪክቶር ሁጎን ልብ ወለድ የተከተለውን የ2012 የሙዚቃ ፊልም ተመልከቱ። ዳቦ ሰርቆ በታሰረበትና ለማምለጥ በሞከረበት 19 ዓመት ወኅኒ የኖረው ዣን ቫልዣን ማንም በሩን ሲዘጋበት አንድ አረጋዊ ጳጳስ ይቀበለዋል፤ እርሱም በሌሊት የብር ዕቃውን ይዞ ይጠፋል። ፖሊሶች ይዘው ሲመልሱት ጳጳሱ «የሰጠሁት እኔ ነኝ» ይላል፤ በዚህም ሳያበቃ መቅረዞቹን ለምን ረስተህ ሄድህ ብሎ ይጨምርለታል። ትዕይንቱ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚወስድ ቢሆንም ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሁሉ ከእርሱ የሚመነጭ ነው። ቫልዣን በተራው በአሳዳጁ በዣቬር ላይ ሊበቀል ሥልጣን ባገኘ ጊዜ ነጻ ይለቀዋል፤ ዣቬር ግን ሕግን እንጂ ምሕረትን የሚያስተናግድ ልብ ስለሌለው የተደረገለትን ቸርነት መሸከም አቅቶት ራሱን ወደ ወንዝ ይጥላል። አንዱ ያልተገባውን ምሕረት ተቀብሎ ሰው ሆነ፣ ሌላው ያንኑ ምሕረት ገፍቶ ጠፋ። ከዚህ ፊልም መስቀሎችን ሁሉ ብናነሣ እንኳ ወንጌል በውስጡ ይቀራል።

ስለዚህ መለኪያዬ ይህ ነው፦ ምልክቶቹ ሁሉ ቢወገዱ ሰዎቹ የሚያደርጉትና የሚከፍሉት ዋጋ ወንጌልን ይመስላልን? እናንተስ በዚህ መለኪያ የትኞቹን ፊልሞች ትመዝናላችሁ?

---

ሁሉን ፈትኑ

ያነሡት ጉዳይ በጣም የሚያሳስበኝ ስለሆነ አመሰግንዎታለሁ። መለኪያውን ብዙ አማኞች ከሚወዱት ፊልም ላይ ልሞክረው፤ ይህም የ1994ቱ «ዘ ሾሻንክ ሪደምፕሽን» ነው።

በዚህ ፊልም መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ባለታሪክ ነው ለማለት ይቻላል። የወኅኒ ቤቱ ኃላፊ ጥቅስ በቃሉ ይናገራል፣ ለእያንዳንዱ እስረኛ መጽሐፍ ቅዱስ ያድላል፣ ከቢሮው ግድግዳ ላይ ስለ እግዚአብሔር ፍርድ የሚናገር ጥልፍ ሰቅሏል፤ ከጥልፉ ጀርባ ግን የሰረቀው ገንዘብ መዝገብ የተቀመጠበት ካዝና አለ። እስረኛው አንዲ በበኩሉ ግድግዳ የሚቦረቡርባትን ትንሽ መዶሻ የደበቀው በመጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ነው፤ ለመዶሻዋ የተቆረጠው ቦታ የሚጀምረውም ከኦሪት ዘጸአት ነው። አንዳንዶች በዚህ ቅር ተሰኝተው ፊልሙ ቅዱስ መጽሐፉን አቃልሏል ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ጌታችን ራሱ በከንፈራቸው እያከበሩት ልባቸው ከእርሱ የራቀ ሰዎችን ከቀራጮችና ከጋለሞቶች ይልቅ አጥብቆ ገሥጿል፤ ፊልሙም የሚወቅሰው ቃሉን ሳይሆን ቃሉን ለግፍ መሸፈኛ ያደረገውን ሰው ነው።

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ርእሱ ስለ ቤዛነት የሚናገር ሆኖ ሳለ በታሪኩ ውስጥ ስለ ሌላው ዋጋ የከፈለ ማን ነው? አንዲ ሃያ ዓመት ለማይሞላ ጊዜ በትዕግሥት ቦርቡሮ በራሱ ብልሃት ወጣ። ይህ የሚደነቅ ጽናት ነው፤ ጽናት ግን ጸጋ አይደለም። ጸጋውን የማገኘው በጓደኛው በሬድ ሕይወት ውስጥ ነው። ሬድ ተስፋን አደገኛ ነገር ነው ብሎ የናቀ፣ ከተፈታም በኋላ በውጭው ዓለም መኖር ያቃተው ሽማግሌ ነው፤ ከድንጋይ በታች ተቀብሮ የጠበቀው ደብዳቤና ገንዘብ ግን በጥረቱ ያላፈራው ስጦታ ነበር። ፊልሙን እንደ አንዲ ታሪክ ካየነው የሰው ብርታት ውዳሴ ይሆናል፣ እንደ ሬድ ታሪክ ካየነው ደግሞ ተስፋን ከሌላ እጅ የተቀበለ ሰው ምስክርነት።

---

ዝምተኛው

ስለ ምልክት ከተነሣ ከ1999ኙ «ዘ ግሪን ማይል» የባሰ ምሳሌ ያለ አይመስለኝም። የሞት ፍርደኛው የጆን ኮፊ ስም መነሻ ፊደላት በእንግሊዝኛ ከኢየሱስ ክርስቶስ ጋር አንድ ናቸው፤ የሰውን ደዌ ወደ ራሱ ስቦ ይፈውሳል፣ በማያውቀው ወንጀልም ይገደላል። ነገር ግን ጠባቂው ሊያስመልጠው ሲያስብ እንቢ የሚለው ስለ ማንም ሊሞት ፈልጎ ሳይሆን ሰዎች በሰዎች ላይ የሚያደርሱት ክፋት ስላደከመው ነው። ሞቱ የማንንም ዕዳ አይሰርዝም። ለእኔ የፊልሙ እውነተኛ ጭብጥ ያለው በጠባቂዎቹ ዘንድ ነው፤ ንጹሕ መሆኑን ያውቃሉ፣ ያለቅሱለታል፣ ግን ትእዛዙን ይፈጽማሉ። ጲላጦስን በዚህ መጠን በቅርበት ያሳየኝ ሌላ ፊልም አላየሁም።

---

አንባቢት

ወንድሞቼ፣ እስካሁን ያልተነሣ አንድ ትልቅ ሥራ ላንሣ። ክፉ ኃይል ያለውን ቀለበት ለማጥፋት ስለሚደረግ ጉዞ የሚተርከው የጄ አር አር ቶልኪን ድርሰት «ዘ ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ» ከ2001 እስከ 2003 በሦስት ፊልሞች ሲቀርብ ብዙ ተመልካች የውጊያውን ስፋት አደነቀ። ደራሲው ካቶሊካዊ ምእመን ሲሆን በ1953 ለአንድ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ሥራው በመሠረቱ ሃይማኖታዊና ካቶሊካዊ መሆኑን ገልጿል። የሚገርመው በታሪኩ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የለም፣ ካህን የለም፣ የክርስቶስም ስም አይጠራም። ደራሲው እምነቱን ያኖረው በነገሩ አካሄድ ውስጥ ነው፤ የምስል ወዳጅ ያቀረቡት መለኪያም የሚስማማው እንዲህ ላለ ሥራ ነው። በመጽሐፉ ቀለበቱ የሚጠፋበት ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 25 መሆኑን፣ ይህም በምዕራባውያን አብያተ ክርስቲያናት የብሥራት በዓል የሚከበርበት ዕለት መሆኑን ብዙዎች ያነሣሉ፤ ደስ የሚል ነገር ነው፣ የነገሩ ልብ ግን እርሱ አይደለም።

ልቡ ጎለም፣ ማለትም ቀድሞ ቀለበቱን ይዞ የነበረውና በእርሱ ፍቅር የረከሰው ፍጥረት ነው። በመጀመሪያው ፊልም ቀለበቱን የተሸከመው ፍሮዶ ያ ርኩስ ፍጥረት ሊገደል ሲገባው ሳይገደል መቅረቱ ያሳዝናል ሲል፣ አማካሪው ጋንዳልፍ ግን ዘመዱ ቢልቦ ጎለምን እንዳይገድል የከለከለው ርኅራኄ መሆኑን፣ ያም ርኅራኄ የብዙዎችን ዕጣ ሊወስን እንደሚችል ይነግረዋል። ፍጻሜው ላይ የሚሆነውን አስቡ። ፍሮዶ ያን ሁሉ መከራ ተሸክሞ ከእሳቱ አፋፍ ከደረሰ በኋላ ይሸነፋል፤ ቀለበቱን አልጥልም፣ የእኔ ነው ይላል። ዓለም የዳነችው በጀግናው ብርታት አይደለም፤ ከብዙ ዓመት በፊት ለማይገባው ሰው የተደረገ ምሕረት ጎለምን በሕይወት አቆይቶት ስለ ነበር ነው። ሰው በራሱ ኃይል ክፋትን እስከ መጨረሻ ድል ሊነሣ እንደማይችል፣ ምሕረት ግን ባላሰብነው መንገድ ተመልሶ እንደሚያድነን ከዚህ አብልጦ የሚናገር ትዕይንት አላውቅም።

ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። በመጽሐፉ ጎለም ቀለበቱን ነጥቆ በደስታ ሲፈነጥዝ ማንም ሳይነካው እግሩ ስቶ ይወድቃል፤ አንባቢው በዚያ ውስጥ የማትታይ እጅ ያያል። በ2003ቱ ፊልም ግን ፍሮዶ ቀለበቱን ሊያስመልስ ይታገለዋል፣ ሁለቱም ተያይዘው ከአፋፉ ይወድቃሉ። ለተመልካች ይበልጥ የሚያጓጓ ሊሆን ይችላል፤ የእግዚአብሔር አሠራር የነበረው ስፍራ ግን በሰዎች ግብግብ ተይዟል። የፊልም ሰዎች አንዲት እንቅስቃሴ ሲለውጡ የታሪኩን ሃይማኖት ጭምር ሊለውጡ እንደሚችሉ የምረዳው እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

---

ቆላስይስ 2፥8

ለእኅታችን አስተያየት አክብሮቴ ከፍ ያለ ነው። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ማስጠንቀቅ የምፈልገው ነገር አለ፤ ምልክት ባዶ ሆኖ መቅረት ብቻ ሳይሆን ፈጽሞ ሌላ ትምህርት ሊሸከም ይችላል።

በ1999 የወጣውን «ዘ ማትሪክስ» ውሰዱ። ከዋነኞቹ ባለታሪኮች አንዷ «ትሪኒቲ» ማለትም ሥላሴ ትባላለች፣ የመጨረሻዋ የሰው ልጆች ከተማ ጽዮን ትባላለች፣ መርከቡ በናቡከደነፆር ስም ተጠርቷል፣ በፊልሙ መጀመሪያ ላይ አንድ ሰው ዋናውን ባለታሪክ ኒዮን አዳኜ ብሎ ይጠራዋል፣ ከወዳጆቹ አንዱ ምግብ ከጠላት ጋር እየበላ አሳልፎ ይሰጠዋል፣ ኒዮም ሞቶ ይነሣል። በምልክት ብዛት ቢሆን ኖሮ ከዚህ የበለጠ ክርስቲያናዊ ፊልም ባልተገኘ ነበር። ነገር ግን ይህ ፊልም ስለ ዓለም የሚያስተምረው ምንድን ነው? የምናየውና የምንዳስሰው ሁሉ አታላዮች የሠሩት እስር ቤት ነው፣ መዳንም ከዚህ ማታለያ በዕውቀት መንቃት ነው ይላል። ይህ በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅዱስ ሄሬኔዎስ በጽሑፉ የተቃወመው የግኖስቲኮች ትምህርት የቅርብ ዘመድ ነው። ዘፍጥረት ፍጥረትን መልካም ይለዋል፤ ዮሐንስ ወንጌላዊ ቃል ሥጋ ሆነ ይላል። በማትሪክስ ግን ሥጋና ዓለም ሰው የሚያመልጣቸው እንጂ የሚዋጁ አይደሉም፤ በውስጡ ገና ያልነቁ ሰዎችም ነጻ አውጪዎቹ ያለ ብዙ ጸጸት የሚተኩሱባቸው ናቸው።

ፊልሙን አትዩ ማለቴ አይደለም። ሰው ስለሚያየው ዓለም እንዲጠይቅ በማድረጉ ጥሩ የውይይት መነሻ ይሆናል። ወጣቶቻችን ስሞቹን ስለ ለዩ ብቻ ትምህርቱን እንደ ራሳቸው እምነት አድርገው እንዳይወስዱት ግን ያሠጋኛል።

---

ዝምተኛው

አንድ ጥያቄ አለኝ። ቶልኪን አማኝ ስለ ነበር እምነቱን ከሥራው ውስጥ መፈለጋችን ያስኬዳል። የማያምን ሰው በሠራው ፊልም ውስጥ ግን የእምነት ጭብጥ አገኘሁ ማለት እኛው ያስገባነውን መልሰን ማውጣት አይሆንምን?

---

የምስል ወዳጅ

ለዝምተኛው፦ ጥያቄዎ መሠረታዊ ነው። ለመልሱ ከሁሉ የሚቀድመው ምሳሌ ጣሊያናዊው ፒየር ፓኦሎ ፓሶሊኒ ይመስለኛል። ራሱ የማያምን ማርክሳዊ ሆኖ ሳለ በ1964 የማቴዎስን ወንጌል ፊልም አድርጎ ሠራ፤ ተዋንያኑ በሙያው የሠለጠኑ አልነበሩም፣ የሚናገሩትንም ቃል ከወንጌሉ ወሰደ፣ ሥራውንም ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ መታሰቢያ አደረገው። ሲኒማ 100 ዓመት በሞላው በ1995 ቫቲካን 45 ታላላቅ ፊልሞችን ስትመርጥ ይህ ፊልም ከዝርዝሩ ገብቷል። ብዙ አማኞች በብዙ ወጪ የሠሯቸው የኢየሱስ ፊልሞች ግን በዚያ ዝርዝር አልተገኙም።

ሐዋርያው ጳውሎስ በአርዮስፋጎስ ቆሞ ለአቴና ሰዎች ሲሰብክ የራሳቸውን ባለቅኔዎች ቃል ጠቅሷል። ባለቅኔዎቹ ክርስቲያኖች አልነበሩም፣ የተናገሩት ግን እውነት ነበረ፤ ጳውሎስም እውነቱን ወደ ምንጩ መለሰው። እኛ ማድረግ የሌለብን ደራሲውን ያላመነውን አምኗል ማለት ነው። ቅኔ የሚሰማ ሰው ሰሙን በሚገባ ሳያደምጥ ወርቁን አገኘሁ ቢል እንደማይታመን ሁሉ፣ የፊልሙን ታሪክ በራሱ መልክ ሳናከብር የራሳችንን ትርጉም ብንጭንበት አይገባንም። ታሪኩን በታማኝነት ተከትለን ምሕረትን፣ ንስሐን፣ መሥዋዕትን በውስጡ ካገኘን ግን ያስገባነው እኛ አይደለንም።

---

የሰንበት መምህር

ወጣቶችን ሰብስቤ ፊልም እያሳየሁ አወያያለሁና ከዚያ ልምዴ ተነሥቼ ልናገር። ነቢዩ ናታን ወደ ዳዊት በሄደ ጊዜ ኃጢአቱን ፊት ለፊት አልነገረውም፤ የአንዲት በግ ታሪክ ነገረው፣ ዳዊትም በታሪኩ ተቈጥቶ ፈረደ፣ በራሱ ላይ መፍረዱን ያወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ጥሩ ፊልም የሚሠራው እንዲህ ይመስለኛል። ስለዚህ መብራቱ እንደ በራ ጥቅስ መደርደር አልወድም፤ ወጣቶቹ መጀመሪያ ይፍረዱ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያወያየን በ1986 በካን የፊልም ፌስቲቫል ከፍተኛውን ሽልማት ያገኘው «ዘ ሚሽን» ነው። ሜንዶዛ ጓራኒ የተባሉትን የደቡብ አሜሪካ ሕዝቦች እያደነ ለባርነት የሚሸጥ ሰው ነው፤ በቅናት ተነሣሥቶም ወንድሙን ይገድላል። ኢየሱሳዊው ካህን አባ ገብርኤል ንስሐ እንዲገባ ሲያግባባው፣ ጥሩሩንና ሰይፉን በመረብ ጠቅልሎ በገመድ ከትከሻው ጋር አስሮ ያን ከባድ ሸክም በፏፏቴው አጠገብ ባለው ገደል ላይ ይጎትታል። ከካህናቱ አንዱ አዝኖለት ገመዱን ቢቈርጥለት ሜንዶዛ ተመልሶ ወርዶ ሸክሙን እንደ ገና ያስራል። ያ ካህን ይበቃዋል ብሎ ሲማልድለትም አባ ገብርኤል ለሜንዶዛ ለራሱ ገና እንዳልበቃው ያስረዳዋል። ከገደሉ በላይ ሲደርስ የሚጠብቁት እነዚያው ሲሸጣቸው የነበሩት ሰዎች ናቸው። አንዱ ጩቤ መዝዞ አንገቱ ላይ ያደርጋል፤ ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን እናያለን፤ ጩቤው ግን የሚቈርጠው ገመዱን ነው። ብረቱ ተንከባልሎ ወደ ወንዙ ይገባል፣ ሰውየውም እንደ ሕፃን ያለቅሳል።

ወጣቶቹን የምጠይቃቸው ካህኑ ሲቈርጥለት ለምን ተመለሰ፣ ጓራኒው ሲቈርጥለት ለምን ተፈታ የሚለውን ነው። ከዚህ ጥያቄ ስለ ንስሐ፣ ስለ ካሳ፣ ከተበደለ ሰው አፍ ብቻ ሊመጣ ስለሚችል ይቅርታ ብዙ ሰዓት እንነጋገራለን፤ በስብከት ቢሆን ኖሮ ግማሹን ያህል ባልደረስንበት ነበር። የፊልሙ ፍጻሜም ቀላል መልስ አይሰጥም፦ ወራሪዎቹ ሲመጡ ሜንዶዛ ሰይፍ ያነሣል፣ አባ ገብርኤል ቅዱስ ቁርባኑን ይዞ ከሕዝቡ ጋር በእሳቱ መካከል ይሄዳል፤ ሁለቱም ይሞታሉ።

---

ሁሉን ፈትኑ

የተዘረጉ እጆችን በተመለከተ የምስል ወዳጅ ትንሽ የቸኰሉ ይመስለኛል። በ2008 ክሊንት ኢስትዉድ በሠራው «ግራን ቶሪኖ» ውስጥ ዋልት ኮዋልስኪ የሚወድቀው በትክክል በመስቀል ቅርጽ ነው፣ ምልክቱ ግን ታሪኩ ራሱ የደረሰበት ነው። ዋልት በኮሪያ ጦርነት የተዋጋ፣ መጤ ጎረቤቶቹን የሚንቅ፣ ጠመንጃ ከእጁ የማይለይ ሽማግሌ ነበር። ወንበዴዎቹ የጎረቤቱን ሴት ልጅ ሲጎዱ እኛም ወንድሟ ወጣቱ ታኦም በቀል እንጠብቃለን። እርሱ ግን ታኦን ከበቀሉ ለማዳን ቤት ውስጥ ቈልፎበት፣ ባዶ እጁን ሄዶ፣ ለኵሶ የሚያጨስበትን እሳት ከኪሱ ሲያወጣ በጥይት ይመታል። ገዳዮቹ ምስክር እያያቸው ስለ ገደሉ ይታሰራሉ፤ ልጆቹ ነጻ ይሆናሉ።

ከዚያ በፊት ያለውን ትዕይንት ልብ በሉ። ዋልት ከወጣቱ ካህን ዘንድ ሄዶ ሲናዘዝ ቀለል ያሉ በደሎችን ይናገራል፤ ካህኑም ይህ ብቻ ነውን ብሎ ይደነቃል። ዕድሜውን ሙሉ ያሠቃየውን፣ እጁን ሊሰጥ የነበረ ልጅ በጦርነት መግደሉን የሚናገረው ግን ለታኦ፣ በሽቦ በር በኩል ነው። ያ የሽቦ በር የኑዛዜ መስኮት ሆኖ ተቀርጿል።

---

ቆላስይስ 2፥8

ትዕይንቱ እኔንም ነክቶኛል፤ ሆኖም ልዩነቱ ይነገር። የክርስቶስ ሞት ለገዳዮቹም ይቅርታ የሚለምን ነው፤ የዋልት ሞት ገዳዮቹን ወደ ወኅኒ የሚያስገባ ነው። በዚያ ላይ ዋልት ታምሞ ደም ሲተፋ አይተናል፤ ቀድሞም ሊሞት የቀረበ ሰው ነበር። ለወዳጅ መሞትን እንጂ ጠላትን መውደድን አላሳየም። ክርስቶስን የሚመስል ገጸ ባሕርይ ስናገኝ የሚመስልበትን ብቻ ሳይሆን የማይመስልበትንም ጭምር ማየት አለብን፤ አለበለዚያ ወንጌሉን በፊልሙ ልክ እናሳንሰዋለን።

---

አንባቢት

ጠላትን መውደድ ከተነሣ በ2010 የወጣውን «ኦቭ ጎድስ ኤንድ ሜን» የተሰኘውን የፈረንሳይ ፊልም እንድታዩ እለምናችኋለሁ። በአልጄሪያ ቲብሒሪን ገዳም የነበሩ የትራፒስት መነኰሳት የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲበረታ ከሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ተለይተው ይሂዱ ወይስ ይቈዩ የሚለውን ጥያቄ የሚከተል እውነተኛ ታሪክ ነው። ሰባቱ በ1996 ታግተው ተገድለዋል፤ በ2018ም የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ብፁዓን ብላ ሰይማቸዋለች። ፊልሙ ስለ ሰማዕታት ሲሆን ጀግንነትን አያሳይም። መጀመሪያ ላይ በሐሳብ ይለያያሉ፤ አንዱ በሌሊት በፍርሃት ወደ እግዚአብሔር ይጮኻል፤ ገሚሶቹ መሄድ ይፈልጋሉ። ጸሎት፣ የእርሻ ሥራ፣ ለሕሙማን መድኃኒት መስጠት እንደ ወትሮው ይቀጥላል፣ ውሳኔያቸውም በዚያ የዕለት ሥራ ውስጥ ቀስ ብሎ ይበስላል። በመጨረሻው እራታቸው ወይን ሲጠጡ ከሙዚቃው በቀር ድምፅ የለም፤ ካሜራው ፊት ለፊታቸው ቀርቦ ሲስቁም ሲያለቅሱም ያሳየናል። እዚህም የመጨረሻው እራት ምልክት አለ፤ ግን እነዚያን ሰዎች በሚገባ ካወቅናቸው በኋላ የመጣ ነው።

ከእርሱ አጠገብ የማርቲን ስኮርሴዚን የ2016 ፊልም «ሳይለንስ»ን ማኖር ይከብዳል፣ ግን ይገባል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጃፓን አባ ሮድሪጌዝ የሌሎችን ሥቃይ ለማስቆም ሲል የክርስቶስን ምስል ይረግጣል። ፍቅር ነው ወይስ ክሕደት? ፊልሙ አይፈርድም፣ እኔም በዚህ ልፈርድ አልደፍርም። የማልጠራጠረው በጃፓናዊው መሪያቸው በኪቺጂሮ ነው። ደጋግሞ ይክዳል፣ ካህኑን እስከ መሸጥ ይደርሳል፣ ደጋግሞም ንስሐ ሊቀበል ይመለሳል፤ ካህኑ ሲጠየፈው እኛም እንጠየፈዋለን። ጌታ ሰባ ጊዜ ሰባት ይቅር በሉ ያለው ስለ እንዲህ ያለ ሰው መሆኑን ስናስብ ግን በመጠየፋችን እንያዛለን።

---

ዝምተኛው

የመከራ ፊልሞች በዙ። ስለ ደስታ የሚናገር አንድስ የለምን?

---

የምስል ወዳጅ

አለ፤ እርሱም የዴንማርኩ «የባቤት ግብዣ» ነው። በ1987 ወጥቶ የውጭ ቋንቋ ፊልም ኦስካርን አግኝቷል፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስም በ2016 ስለ ቤተሰብ ባወጡት መልእክት ጠቅሰውታል። በባሕር ጠረፍ በምትገኝ መንደር ያሉ ጥቂት አረጋውያን ምእመናን በመሥራቻቸው ትምህርት ተባብረው ይኖራሉ፣ ግን አሮጌ ቂም እየቀሰቀሱ መጣላት ጀምረዋል። ከፈረንሳይ ሸሽታ የመጣችው ባቤት የመሥራቹ ልጆች ለሆኑት ሁለት እኅትማማች ያለ ደመወዝ ታገለግላለች። ሎተሪ 10,000 ፍራንክ ሲደርሳት ለመሥራቹ የልደት መታሰቢያ እራት ላዘጋጅ ብላ ትለምናለች። ምእመናኑ የምግቡን ምቾት እንደ ፈተና ፈርተው ስለ ቀረበላቸው ነገር አንድ ቃል እንዳይናገሩ ይማማላሉ። ከእንግዶቹ አንዱ የሆነውና መሐላቸውን የማያውቀው ጄኔራል ግን በእያንዳንዱ ምግብ ይደነቃል፤ ከዚያም ተነሥቶ ምሕረትና እውነት እንደ ተገናኙ፣ ጸጋም ወሰን እንደሌለው ይናገራል። ሳያውቁት ልባቸው ይፈታል፤ የተጣሉት ይታረቃሉ። ባቤትም ገንዘቡን ሁሉ ለዚያ አንድ እራት እንደ ጨረሰች የምንሰማው በመጨረሻ ነው።

በማዕዱ የተቀመጡት 12 ናቸው፣ ይህን የምልክት ወዳጆች ይወዱታል። እኔን ያስደነቀኝ ግን እንግዶቹ የተሰጣቸውን ሳያውቁ፣ ሊያመሰግኑም ሳይፈልጉ መቀበላቸው ነው። ጸጋን የተቀበልንበት አኳኋን እንዲህ አይደለምን?

---

የሰንበት መምህር

ለቀጣዩ ስብሰባችን «የባቤት ግብዣ»ን መርጫለሁ። ቀስ ብሎ የሚሄድ ፊልም ስለሆነ ወጣቶቹ እንዳይሰለቹ የመጀመሪያውን ክፍል አስቀድሜ በአጭሩ እተርክላቸዋለሁ፣ ከእራቱ ዝግጅት ጀምሮ ያለውን ግን ሳላቋርጥ አሳያቸዋለሁ። ጥያቄዬም አንድ ብቻ ይሆናል፦ ከእንግዶቹ መካከል እናንተ ማንን ትመስላላችሁ? የሚሉትን ሰምቼ እዚሁ ክር ላይ እጽፍላችኋለሁ፤ ሌሎቻችሁም በየቡድናችሁ ብትሞክሩትና ብታካፍሉን ደስ ይለኛል።